ምስጠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ

ምስጠራ ማለት መልእክትን ቁልፉ ለሌለው ሰው ትርጉም ወደማይሰጥ የምልክት ክምችት መለወጥ ሲሆን፣ «ከጫፍ እስከ ጫፍ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ቁልፉ የሚገኘው በላኪውና በተቀባዩ ስልክ ብቻ እንደሆነና አገልግሎት ሰጪው ኩባንያም እንደማይዘው ያመለክታል። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ደቡብ አፍሪካ ካለ ልጁ ወይም ወንድሙ ጋር የሚነጋገረው፣ የፓስፖርት ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚለዋወጠው በስልክ መተግበሪያ በመሆኑ፣ የመተግበሪያው ምርጫ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ሲግናል፣ እንዲሁም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋትስአፕ፣ ተጠቃሚው ሳያዛቸው በዚህ መንገድ ይመሰጥራሉ። በኢትዮጵያ እጅግ የተለመደው ቴሌግራም ግን ተራውን የጽሑፍ ውይይትና የቡድን መልእክት ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው በሚችል መልኩ በሰርቨሩ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ መልእክትን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጥረው ተጠቃሚው «ምስጢራዊ ውይይት» የተባለውን ለይቶ ሲከፍት ብቻ ነው፤ ይህ ልዩነት በግልጽ አለመነገሩ የሚያሳስብ ነው። ዋትስአፕም ቢሆን ወደ ጉግል ድራይቭ የሚልከው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባለቤቱ ምስጠራውን ለብቻው ካላበራ በቀር፣ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ይቀራል። ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ሰዎች መተግበሪያው የሚያሳያቸውን ባለ 60 አሃዝ ቁጥር አንዱ ለሌላው በማንበብ፣ መሐል የገባ ሦስተኛ ወገን አለመኖሩን ሊያረጋግጡ ይችላሉ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ምስጠራ ግን ማን ለማን መቼ እንደደወለ የሚያሳየውን መረጃ አይሸፍንም፤ የማያ ቁልፉ ተከፍቶ ለጥገና የተሰጠን ስልክም አይጠብቅም።