ልብስ የለበሰው ጎማ፤ የትንሿ ቀለበት ታሪክ

(በራዲዮ የተነገረ)

ጠላ ተጠንስሶ በጋን በሚቀመጥበት ጊዜ አፉ በክዳን ከተከደነ በኋላ ዙሪያው በጭቃ እንደሚመረግ ታውቃላችሁ። ምርጊቱ ካልተሰነጠቀ ጠላው በደኅና ይደርሳል፤ ከተሰነጠቀ ግን የጠማቂዋ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጋኑ ትልቅ ነው፤ ለብቅሉና ለጌሾው ብዙ ወጪ ወጥቷል። ይሁን እንጂ የሁሉም ዕድል የተንጠለጠለው በዚያች ጥቂት ጭቃ ላይ ነው። ታላላቅ ፋብሪካዎችም እንደዚሁ የየራሳቸው ምርጊት አላቸው። ዛሬ የምነግራችሁ የዚህን የፋብሪካ ምርጊት፣ ይኸውም የማሸጊያዪቱን የጎማ ቀለበት ታሪክ ነው። በንግግሬ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሁለት የብረት ቧንቧዎች ሲጋጠሙ ለዐይን ፍጹም የገጠሙ ይመስላሉ። ነገር ግን ብረት ምንም ያህል ቢለሰልስ በላዩ ከዐይን የተሰወረ አቀበትና ቍልቍለት አለበት፤ ፈሳሹም ሆነ ጋዙ በዚያ መካከል መንገድ አግኝቶ ይወጣል። ስለዚህ በሁለቱ ብረቶች መካከል ለስላሳ ነገር ይገባል። የጋራዥ ሠራተኞቻችን ከጣሊያንኛ በመጣው ቃል ጓርኒሲዮን ይሉታል። በውሃ ቧንቧ ላይ ይህ ነገር ቢበላሽ ወለሉ ይረጥባል እንጂ ሌላ ጉዳት እምብዛም የለም። የሰልፈር አሲድ፣ ክሎሪን ወይም የፈላ ኮስቲክ ሶዳ በሚመላለስበት ፋብሪካ ውስጥ ግን የአንዲት ቀለበት መበላሸት የሠራተኛውን ቆዳ ያቃጥላል፤ ሳንባውንም ያፍናል።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለችው ቀለበት ሁለት ጠባዮች ይፈለጋሉ። አንደኛው፣ ስትጨመቅ ተጨምቃ፣ ስትለቀቅ ወደ ቀድሞ መልኳ የምትመለስ መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ የሚነካት ኬሚካል ሁሉ የማይበላት መሆኗ ነው። ችግሩ እነዚህ ሁለት ጠባዮች በአንድ ነገር ላይ አብረው ለማደር አለመውደዳቸው ነበር። የሚለጠጠው ይበላል፤ የማይበላው አይለጠጥም። የሰው ልጅ ሁለቱን እስኪያስታርቃቸው ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

በመጀመሪያ የተገኘው የሚለጠጠው ነው። የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ከዛፍ የሚፈሰውን የጎማ ወተት ከጥንት ጀምሮ ኳስና ዕቃ ይሠሩበት ነበር። ላ ኮንዳሚን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1736 ናሙናውን ከደቡብ አሜሪካ ወደ ፓሪስ ከላከ ወዲህ የአውሮፓ ሊቃውንት ይመረምሩት ጀመር። ነገር ግን ጥሬው ጎማ በበጋ ሙቀት እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ በክረምት ብርድ ደግሞ እንደ እንጨት ይደርቃል። ስለዚህ ለታመነ ሥራ የሚበቃ አልሆነም።

ይህን ችግር ያቃለለው ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው ትምህርቱ የኬሚስት አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረውም። በዕዳ ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1839 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ከድኝ ጋር የተደባለቀ ጎማ በጋለ ምድጃ ላይ ወድቆበት ሲያነሣው፣ ጎማው በመቅለጥ ፈንታ ጠንክሮና እንደ ልብ የሚለጠጥ ሆኖ አገኘው። ምሥጢሩን ዛሬ እናውቀዋለን። የጎማ ሞለኪውሎች እንደ ተዘበራረቀ ክር ረጃጅሞች ናቸው፤ ድኙ በሙቀት ኀይል ክሩን ከክሩ ጋር በየቦታው ይቋጥረዋል። ቢስቡት ይሳባል፤ ቢለቁት ቋጠሮው መልሶ ወደ ስፍራው ያመጣዋል። ጉድይር በ1844 የፈጠራ መብቱን ተቀበለ፤ ይሁን እንጂ በ1860 ሲሞት ያወረሰው ሀብት ሳይሆን ዕዳ ነበር። በመኪና እግር ላይ ስሙን የምናየው ኩባንያ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1898 ለክብሩ ሲባል በስሙ የተጠራ ነው እንጂ እርሱ ያቋቋመው አይደለም።

ጎማው ከተገኘ በኋላ ቅርጹ ቀረ። ብዙ ዘመን ማሸጊያ የሚሠራው ከቆዳ፣ ከገመድና ከጠፍጣፋ ጎማ ነበር። በዴንማርክ ተወልዶ በ1891 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኒልስ ክሪስቴንሰን ግን ሙሉ ክብ የሆነች የጎማ ቀለበት ከእርሷ ጥቂት በምትሰፋ ቦይ ውስጥ ብትቀመጥ ከሁሉ የበለጠ እንደምታሽግ አረጋገጠ። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በ1937 ሲያቀርብ ዕድሜው ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር፤ መብቱም በ1939 ተሰጠው። የዚህች ቀለበት ብልሃት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የሚገፋት ግፊት በበረታ መጠን ቀለበቷ ወደ ክፍተቱ እየተጠጋች ይበልጥ ትዘጋለች፤ ጠላት የሚያመጣውን ኀይል ለራሷ ምሽግ ታደርገዋለች ማለት ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ፈጠራው ለጦሩ አስፈላጊ ሆኖ ስላገኘው ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሩት አደረገ፤ ለባለቤቱም 75,000 ዶላር ከፈለ። ዛሬ ይህች ቀለበት ከውሃ ቧንቧ እስከ አውሮፕላን ድረስ የማትገባበት የለም።

ቅርጹም ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ጠባይ ሳይገኝ ቆየ። ከዛፍ የተገኘው ጎማ ቤንዚንና ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ይላላል። ኬሚስቶች ይህን ለማስወገድ ሰው ሠራሽ ጎማዎችን አከታትለው አወጡ። በአሜሪካ በ1930 ኒዮፕሪን የተባለው ጎማ ተገኘ፤ በጀርመን አገርም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ዘይት የሚቋቋመው ናይትራይል ጎማ ተሠራ። በ1957 ደግሞ ቫይተን የሚባለው፣ ትኩስ ዘይትንና ብዙ አሲዶችን የሚቋቋም ጎማ ለገበያ ቀረበ። ሆኖም ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ጠላት አይጠፋለትም። ለምሳሌ ያን ሁሉ የሚችለው ቫይተን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በሆነው በአሴቶን ውስጥ ቢነከር ያብጣል። በአንድ ቧንቧ ዛሬ አሲድ፣ ነገ አሴቶን፣ ከነገ ወዲያ የፈላ ውሃ በሚያሳልፍ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ከእነዚህ ጎማዎች አንዱን ብቻ አምኖ መቀመጥ አይቻልም።

የማይበላው ነገር የተገኘው ግን ጎማ ከሚፈልጉ ሰዎች ዘንድ አይደለም። ሮይ ፕለንኬት የተባለ የ27 ዓመት ኬሚስት በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር ለማቀዝቀዣ መኪና የሚሆን አዲስ ጋዝ ይፈልግ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1938 እርሱና ረዳቱ ጃክ ሪቦክ የአንድ ቦምቦላ መክፈቻ ቢያዞሩ ጋዝ አልወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ጋዙ ተንፍሶ አልቋል ብሎ ቦምቦላውን በጣለው ነበር። እነርሱ ግን በሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ክብደቱ እንደ ሙሉ ቦምቦላ ሆነ። እንግዲህ ጋዙ ካልወጣ የት ገባ? ቦምቦላውን በመጋዝ ቈርጠው ቢከፍቱት በውስጡ ነጭና እንደ ሰም የሚያዳልጥ ዱቄት አገኙ። ጋዙ በገዛ ራሱ ተያይዞ ጠጣር ሆኖ ነበር። አሲድ ቢያፈሱበት አልተበላም፤ በልዩ ልዩ ማሟሚያ ቢነክሩት አልሟሟም፤ ሙቀትንም ቻለ። ይህም ዛሬ በመጥበሻ ላይ የምናውቀው ቴፍሎን ነው። የካርቦን ሰንሰለቱ ዙሪያውን በፍሎሪን አተሞች ስለ ተሸፈነ፣ የፍሎሪንና የካርቦን ቁርኝትም እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ፣ ኬሚካሎች የሚገቡበት በር አያገኙም።

ይህ ነጭ ዱቄት መጀመሪያ የተፈለገው ለመጥበሻ አልነበረም። በጦርነቱ ዘመን አሜሪካውያን በቴነሲ ክፍለ ሀገር ኦክ ሪጅ በተባለው ስፍራ ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆነውን ዩራኒየም ሲያጣሩ፣ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ በብዙ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ውስጥ ማሳለፍ ነበረባቸው። ይህ ጋዝ የተለመደውን ጓርኒሲዮን ይበላል፤ እርጥበት ሲያገኝም ወደሚያቃጥል አሲድ ይለወጣል። ስለዚህ ለማሸጊያው ቴፍሎን ተመረጠ፤ ሥራውም በምሥጢር ተይዞ ቆየ። ለሕዝብ ገበያ መሸጥ የጀመረው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ነው።

አሁን እንግዲህ የማይበላው ተገኘ፤ ነገር ግን አይለጠጥም። ቴፍሎን በብረት መካከል ሲጨመቅ ቀስ በቀስ እንደ ሊጥ ይሸሻል፤ ሲለቁት አይመለስም። መጋጠሚያው በሙቀት ሰፍቶ በብርድ በተሰበሰበ ቁጥር ቴፍሎኑ ክፍተት ትቶ ይቀራል። ጎማው መመለስን ያውቃል፤ መጽናትን አያውቅም። ቴፍሎኑ መጽናትን ያውቃል፤ መመለስን አያውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው መሐንዲሶቹ በመጨረሻ ያሰቡት ሁለቱን ማጋባት ነው፤ ጎማው ልብ፣ ቴፍሎኑ ልብስ ይሁን ተባለ።

ይህም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ቴፍሎን ቢሞቅም እንደ ሌላው ፕላስቲክ ስለማይፈስ በቀጭኑ አቅልጦ በጎማ ላይ ማልበስ አይቻልም። በ1960 ኤፍ ኢ ፒ የሚባለው የቴፍሎን ወንድም ለገበያ በቀረበ ጊዜ መንገዱ ተከፈተ። ይህ እንደ ቴፍሎን ኬሚካልን ይቋቋማል፤ ዳሩ ግን 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በ1972 ደግሞ ይበልጥ ሙቀት የሚችለው ፒ ኤፍ ኤ ተከተለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሲሊኮን ወይም የቫይተን ጎማ ገመድ በቱቦው ውስጥ ይገባል፤ በልክ ተቈርጦ ጫፍና ጫፉ ይጋጠማል፤ የልብሱም ጫፎች በሙቀት ይበየዳሉ። ልብሱም በሙቀት ተኰማትሮ ጎማውን አጥብቆ ይይዛል። ኬሚካሉ የሚያገኘው ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንሰውን ልብስ ነው፤ ግፊቱን የሚመልሰው ግን በውስጥ ያለው ጎማ ነው። ዛሬ በመድኃኒት፣ በቀለም፣ በምግብና በነዳጅ ፋብሪካዎች ይህች ልብስ የለበሰች ቀለበት ታገለግላለች።

ልብሱ ብቻ ሊያኰራን እንደማይገባ ግን አንድ አሳዛኝ ታሪክ ያስተምረናል። ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ከተነሣች ከ73 ሴኮንድ በኋላ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ የነበረችው የቫይተን ቀለበት ናት። ልብስ ያልለበሰች ብትሆንም ትኩስ ዘይትንና አሲድን ከሚችለው ጎማ የተሠራች ነበረች፤ ዳሩ ግን ሌሊቱ ስለ በረደ የመመለስ ኀይሏን አጥታ ክፍተቱን በጊዜው ሳትዘጋ ቀረች። ሮጀር ቦዥሌ የተባለው መሐንዲስ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። በዋዜማውም ምሽት እርሱና ባልደረቦቹ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ መንኰራኵሯ እንዳትነሣ መከሩ፤ አለቆች ግን ምክሩን አልተቀበሉም። በኋላም ሪቻርድ ፌይንማን የተባለው ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ በመርማሪዎች ጉባኤ ፊት የዚያን ጎማ ቁራጭ ጨምቆ በበረዶ ውሃ ውስጥ ከነከረው በኋላ ቢለቀው፣ ጎማው ወዲያው ሳይመለስ መቅረቱን ለዓለም አሳየ። ስለዚህ ልብስ ለለበሰችው ቀለበትም ልቧ በጥንቃቄ ይመረጣል። ለብርድ ሲሊኮን፣ ለትኩስ ዘይት ቫይተን ይስማማል።

ሌላም የማይሸሸግ ነገር አለ። የማይበላ ነገር መሥራት ዋጋ አስከፍሏል። ቴፍሎንን ለመሥራት ያገለግል የነበረው ፒ ኤፍ ኦ ኤ የተባለው ኬሚካል እርሱም የማይበሰብስ በመሆኑ በፋብሪካዎች አቅራቢያ ባለው የመጠጥ ውሃና በሰው ደም ውስጥ ተገኘ። በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት መንግሥታት እንዲያስወግዱት ተወሰነ። ጽናት በቀለበት ላይ በረከት ነው፤ በወንዝ ውስጥ ግን መርገም ይሆናል።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ መፍቻ የምትጨብጡ ሳትሆኑ የግዥ ወረቀት የምትፈርሙ ናችሁ። ሆኖም የቀለበቷ ዕድል በመጀመሪያ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ለአሲድ ቧንቧ ተራ የጎማ ቀለበት በርካሽ የገዛ ሰው ያተረፈው ገንዘብ በሆስፒታል ይከፈላል። ልብስ የለበሰችዋም ቀለበት አያያዝ ትፈልጋለች። ልብሷ እንደ ተራ ጎማ ስለማይለጠጥ፣ ከመግባቷ በፊት በሙቅ ውሃ እንድትለሰልስ ይደረጋል፤ ስለት ያለው መሣሪያም አይነካትም። በፍጥነት በሚሽከረከር ዘንግ ላይ አትውልም፤ መተሻሸቱ ልብሷን ይበላዋልና። አንድ ጭረት ከተገኘባት ኬሚካሉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ልቧን ስለሚበላው ያለ ክርክር ትለወጣለች።

ከሁሉ በላይ ግን የቦምቦላውን ክብደት በሚዛን ያየውን ፕለንኬትንና ሰሚ ያጣውን ቦዥሌን አስቡ። አንደኛው ትንሹን ነገር ባለመናቁ ዓለም አዲስ ሀብት አገኘ፤ ሁለተኛው ያሳየው ትንሽ ነገር ስለ ተናቀ ሰባት ቤት በለቅሶ ተመታ። የዕቃ ቤት ሠራተኛ ወይም መካኒክ ወደ ቢሮአችሁ ገብቶ «ጌታዬ፣ ያቺ መጋጠሚያ እርጥበት እያሳየች ነው» ባላችሁ ጊዜ፣ ነገ ተመለስ አትበሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።