የሕክምና ምርመራን «መጀመሪያ የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ማለት በምን ይረጋገጣል? የኤችአይቪ ምርመራ ክርክር

ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት የሕክምና ምርመራ ይዘው ቢመጡ ፓተንቱ የማን ይሆናል? ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ ምርመራው በተሸጠ ቁጥር የሚገኝ ገንዘብም አለ። በዓለም ላይ ብዙ ካነጋገሩት ክርክሮች አንዱን፣ የኤችአይቪ የደም ምርመራን ይዘን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ክርክሩ እንዴት ተነሳ?

በሜይ 1983 የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ ፍራንሷዝ ባሬ-ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኜና ባልደረቦቻቸው፣ ከአንድ ታካሚ ያገኙትን አዲስ ቫይረስ ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ናሙናውን አሜሪካ ለሚገኘው የዶ/ር ሮበርት ጋሎ ላብራቶሪ ላኩ።

ፓስተር ለደም ምርመራው አሜሪካ ውስጥ የፓተንት ማመልከቻ ያስገባው በዲሴምበር 1983 ነው። የጋሎ ቡድን ደግሞ በኤፕሪል 1984። ነገር ግን በሜይ 1985 ፓተንቱ የተሰጠው ለአሜሪካኖቹ ሆነ፤ የፓስተር ማመልከቻ ገና መልስ አላገኘም ነበር። ፓስተርም በዓመቱ መጨረሻ የአሜሪካን መንግሥት ከሰሰ።

ማስረጃው ምንድነው?

አሜሪካ እስከ ማርች 2013 ድረስ ፓተንት የምትሰጠው ቀድሞ ላመለከተ ሳይሆን ቀድሞ ለፈጠረ ነበር። ክርክር ሲነሳ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

👉 ሐሳቡ ተሟልቶ የተፀነሰበት ቀን
👉 ምርመራው በተግባር እንደሚሠራ የታየበት ቀን
👉 በመሃል ሥራው በትጋት መቀጠሉ

የፈጣሪው ቃል ብቻውን አይበቃም። ቀን ያለው የላብራቶሪ ደብተርና ገጹን አይቶ የፈረመ ምስክር ትልቅ ዋጋ አላቸው። ፊርማው ዘገየ ማለት ግን ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። ሃይብሪቴክ የተባለው ኩባንያ በ1986 በይግባኝ ባሸነፈው የምርመራ ፓተንት ክርክር፣ ደብተሮቹ በምስክር የተፈረሙት ከወራት በኋላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር አይቶ ተቀብሏቸዋል።

ፓስተርን ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው። የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ውጭ አገር የተሠራን ሥራ ለፈጠራ ቀን ማስረጃ አይቀበልም ነበር። ፓሪስ ያለው ደብተር የቱንም ያህል ቀዳሚ ቢሆን አይቆጠርም፤ ፓስተር መደገፍ የሚችለው ማመልከቻ ባስገባበት ቀን ነው።

በመጨረሻስ?

በማርች 1987 ፕሬዝዳንት ሬጋንና ጠቅላይ ሚኒስትር ሺራክ ስምምነቱን ይፋ አደረጉ፤ ፓተንቱም ገቢውም የጋራ ሆነ። ግን የቫይረሱ ዘረመል ሌላ ምስክርነት ሰጠ። የጋሎ ላብራቶሪ የተጠቀመበት ቫይረስ ከፓስተር የሄደው መሆኑ ታወቀ፤ በ1991 ጋሎ ራሳቸው ይህንኑ ተቀበሉ። በጋሎ ላይ የቀረበው የሥነ ምግባር ክስ በ1993 ተነስቷል። ቫይረሱን ለምርመራው በሚበቃ መጠን ማባዛት የቻለውም የእሳቸው ቡድን ነው። በ1994 ግን የፓስተር የገቢ ድርሻ ከፍ እንዲል ተደረገ። በ2008 ባሬ-ሲኑሲና ሞንታኜ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ጋሎ አልተካተቱም።

ዛሬ አሜሪካም እንደ ሌላው ዓለም ቀድሞ ያመለከተን ነው የምታስቀድመው። ያም ሆኖ ከሌላ ሰው የወሰደውን የራሱ አስመስሎ ያመለከተ ሰው ፈጣሪ አይባልም። ይህን ለማሳየት ደግሞ ዛሬም የሚያስፈልገው ያው ነው፤ ቀን ያለው ደብተር፣ ምስክር፣ ናሙና ሲላክም በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት።