«ታስሯል»፦ ከአሶሳ ፋኪ እስከ ማሩ ብልቃጥ

«ስንፈተ ወሲብን በ3 ቀን ድራሹን የሚያጠፋ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ወንድ ካለ ስልክ የሌለው መሆን አለበት። ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት በወተት፣ አሁን ደግሞ የባሚያ ውሃ። ባሚያው ግን አሳቀኝ። ባሚያ አሶሳ ውስጥ መድኃኒት ሳይሆን እራት ነው። በርታዎች ከንካሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። ደርቆ ይወቀጥና ወጥ ሆኖ በገንፎ ይበላል። ባሚያ ቢያድን ኖሮ በዚያ አገር ይህን ሕመም የሚያውቅ ወንድ ባልተገኘ።

ታዲያ የቀድሞዎቹ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?

በመጀመሪያ፣ ሰውየው «ታስሯል» ነበር የሚባለው። ደጋው ላይ ወደ ደብተራ ይኬዳል፤ ደብተራው ሥር ይምሳል፣ ክታብ ይጽፋል። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳትሟል፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለወንድ ስንፈት መላ አያጡም። ቤኒሻንጉል ደግሞ ፊቱ ወደ ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፅ ጦር ወርቅ ፍለጋ ዓባይን ተከትሎ ከወጣ በኋላ የሱዳን ነጋዴዎችና ፋኪዎች ወደዚህ ምድር መመላለሳቸው በረታ። ፋኪው የቁርኣን አንቀጽ በእንጨት ሉህ ላይ በቀለም ይጽፋል፣ በውሃ ያጥበዋል፣ ታማሚው እጣቢውን ይጠጣል። ከእሱ በፊትም ከእሱ ጎንም በርታዎች ኔሪ የሚሏቸው የራሳቸው አዋቂዎች አሉ።

ይህ ሁሉ አጉል እምነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን አንድ ነገር አይበታለሁ። «ታስሯል» የተባለ ሰው ጥፋቱ የራሱ አይደለምና አፉን ከፍቶ ይናገራል። ሽማግሌ ይሰማዋል፣ ዘመድ ያግዘዋል። ክፉ ጎኑም እዚያው ነው፦ የታሰረ ካለ አሳሪ አለ፤ አሳሪ ተብላ ጣት የሚቀሰርባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። የቀድሞ ሚስት፣ ጣውንት፣ ጎረቤት።

የጉሙዙ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። እንግሊዛዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዌንዲ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፈችለት የእህት ልውውጥ ጋብቻ አለ፤ አንዱ እህቱን ሰጥቶ የሌላውን እህት ያገባል። እንግዲህ አስቡት፤ የአንዱ ትዳር ቢናጋ የሌላው ምሰሶም ይነቃነቃል። የአንድ ወንድ መኝታ ቤት ችግር የሁለት ቤተሰብ፣ አንዳንዴም የሁለት ጎሳ ጉዳይ ይሆናል።

ሸሪዓው በበኩሉ መድኃኒት አላዘዘም፤ ጊዜ ነው ያዘዘው። ሚስት ለቃዲ ስታመለክት ባልየው አንድ ዓመት ይሰጠዋል። ፈቃሆቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ሕመሙ ከሙቀት ወይም ከብርድ ከሆነ አራቱ ወቅቶች ሲፈራረቁ ይለቀዋል ይላሉ። ዓመቱ ካለፈና ካልዳነ መፍታት ትችላለች።

«እነሱ ኋላ ቀር ስለሆኑ ነው» የምትሉ ቆዩ። ምዕራባውያን ሐኪሞችም እስከ 1970ዎቹ ድረስ አብዛኛውን ታማሚ «ችግርህ አእምሮህ ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ጋይልስ ብሪንድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ላስ ቬጋስ ለስብሰባ ሲሄድ ሆቴሉ ውስጥ ራሱን መድኃኒት ወግቶ መድረክ ላይ ወጣ፤ ሱሪውንም ዝቅ አድርጎ ውጤቱን ለጉባኤው አሳየ! ያለ ፍቅር፣ ያለ ሐሳብ፣ የደም ሥር ሲላላ ብቻ እንደሚሆን በገዛ አካሉ አስመሰከረ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1998፣ ለልብ ሕመም ሲሞከር የነበረው ሲልደናፊል ቫያግራ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

አሁን ወደ ማሩ ብልቃጥ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ የማር ምርቶችን መርምሮ፣ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል አገኘባቸው። ማሩ የሠራ የመሰለው ክኒኑ ነው። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢልስ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ሌላም አለ። የወንድ ብልት የደም ሥር ከልብ የደም ሥር ይጠባል። ስለዚህ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ ሲያጠቡት ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው፤ የልብ ሕመም ከመምጣቱ ዓመታት አስቀድሞ። ብልቃጥ የገዛው ሰውዬ ያፈነው ያንን ማስጠንቀቂያ ነው። ከቤት ውስጥ መላዎች ይልቅ በጥናት የተደገፈው በእግር ፈጠን ብሎ መሄድ ነው፦ በሳምንት አራት ቀን 40 ደቂቃ፣ ለስድስት ወር። ስድስት ወር ለ3 ቀን ፈላጊ ረጅም ነው፤ ከቃዲው ቀጠሮ ግን በግማሽ ያንሳል።

እናም ያ ቀጠሮ የሚጀምረው ሚስትየዋ ከተናገረች በኋላ ነው። የዛሬው ማስታወቂያ የሚጽፈው ለባልየው ብቻ ነው፤ «በምስጢር እናደርሳለን» እያለ።