የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች መረጃ አያያዝ
በዋዩ ቱቃ ወረዳ ጉቴ ከተማም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ቁጥር ከትምህርት ቤት ተነሥቶ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል፤ በዓመታዊው የትምህርት ስታቲስቲክስም ይታተማል። ወላጅ ከቤት የደበቀው ልጅ ግን በመዝገብ አይገኝም፤ ላልተመዘገበ ልጅ ደግሞ ብሬልም ሆነ የምልክት ቋንቋ መምህር የሚጠይቅለት የለም።

ተቃራኒው አደጋም ቀላል አይደለም። ሺዎችን የሚደምር አገር አቀፍ ሠንጠረዥ ማንንም አያጋልጥም፤ በትንሽ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ «4ኛ ክፍል፣ መስማት የተሳናት፣ 1» ብሎ መለጠፍ ግን ስሟን ከመጻፍ አይለይም፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና ሁኔታን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል። በመሆኑም ስም ያለበት ዝርዝር ተቆልፎ ሊቀመጥ፣ ለሕዝብ የሚወጣው አነስተኛ ቁጥርም ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተደምሮ ሊቀርብ ይገባል።