የቅዱስ ቶማስ አሻራ በሕንድ፦ ብዙ ጎብኚ የማይደርስባቸው ቅዱሳት መካናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሕንድ ሲባል በብዙዎቻችን ልቡና ቀድሞ የሚመጣው ታጅ ማሃል፣ የዴልሂና የሙምባይ ግርግር ወይም የጎዋ ባሕር ዳርቻ ነው። ከሀገራችን የሚሄዱ ምእመናን ግን በአብዛኛው ወደዚያ የሚያቀኑት ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለንግድ ነው። ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በቼናይ ወይም በባንጋሎር ያሳልፋል። ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ በሰማዕትነት ያረፈበት ኮረብታ፣ በእምነት ከእኛ ጋር አንድ የሆነች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያንም መኖሯን ሳያውቅ የሚመለሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ሕንድ የሚገኙትን፣ ከጎብኚ ብዛት ርቀው ያሉትን የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች መካናት ያስተዋውቃል፤ በየስፍራው ሊታወቅ የሚገባውንም ያመለክታል። የተለየ ምልክት ካልተደረገ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሕንድና ቅዱስ ቶማስ

ቤተ ክርስቲያናችን ሐዋርያውን “ቶማስ ዘህንደኬ” እያለች ትጠራዋለች፤ ግንቦት 26 ቀንም ታስበዋለች። የጌታን ትንሣኤ ካልዳሰስሁ አላምንም ብሎ የነበረው፣ ዳስሶም በፍጹም እምነት የመሰከረው ይህ ሐዋርያ ዕጣው የወጣው ለሕንድ ነው። በኬረላ ጠቅላይ ግዛት የሚኖሩ ክርስቲያኖች እንደሚተርኩት በ52 ዓ.ም. በማላባር ጠረፍ በሙዚሪስ ወደብ አጠገብ ከመርከብ ወረደ፤ ሰባት ተኩል አብያተ ክርስቲያናትንም መሠረተ፤ በኋላም ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ተሻግሮ በማይላፖር በ72 ዓ.ም. ሰማዕትነትን ተቀበለ። በእኛ ስንክሳር ሐዋርያው ቆዳው ተገፍፎ መከራ እንደ ተቀበለ ሲነገር፣ የሕንድ ምእመናን ደግሞ በኮረብታው ላይ በጦር መወጋቱን አጥብቀው ይተርካሉ።

የዚያ ዘመን ባሕር ሕንድንና አክሱምን ያገናኝ ነበር። በደብረ ዳሞ ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸው ለዚህ ምስክር ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘውና በዚያ የነበረውን የግሪክ ጽሑፍ የገለበጠው ነጋዴው ኮስማስም በበርበሬ አገር በማላባር ክርስቲያኖች እንዳሉ ጽፏል። ስለዚህ የሕንድ ክርስትና የምዕራባውያን ሚስዮናውያን ያመጡት አይደለም፤ እንደ እኛው ሁሉ ጥንታዊና ምሥራቃዊ ነው።

፪. ሰባቱ ተኩል አብያተ ክርስቲያናት

በትውፊት ሐዋርያው መሠረታቸው የሚባሉት ኮዱንጋሉር፣ ፓላዩር፣ ኮታካቩ፣ ኮካማንጋላም፣ ኒራናም፣ ኒላካልና ኮላም ሲሆኑ “ግማሿ” ቲሩቪታምኮድ ናት። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በካቶሊካውያን እጅ ይገኛሉ። ለኦርቶዶክሳዊ ተጓዥ በተለይ የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው።

ኒራናም፦ በእመቤታችን ስም የተሰየመችው የኒራናም ቤተ ክርስቲያን በ54 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተች ይነገራል። የዛሬው ሕንጻ ከዚያ በኋላ በተለያዩ ዘመናት የታነጸ ነው። በቲሩቫላ ከተማ አቅራቢያ በሩዝ ማሳና በኮኮናት ዛፎች መካከል ትገኛለች። ቦታዋ ጸጥ ያለ ነው፤ ከበዓል ቀን ውጭ የሚሄድ ሰው ከጥቂት የአካባቢው አረጋውያን በቀር ማንንም ላያገኝ ይችላል።

ቲሩቪታምኮድ፦ ይህች ትንሽ የጥቁር ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው ከኬረላ ወሰን ባሻገር፣ በታሚል ናዱ ጠቅላይ ግዛት በካንያኩማሪ አውራጃ ነው። የሕንድ ምድር የሚያበቃበትን የካንያኩማሪን ጫፍ ለማየት የሚጎርፈው ጎብኚ እጅግ ብዙ ነው፤ ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን የሚያቀናው ግን ጥቂት ነው። በአካባቢው ቋንቋ “አራፓሊ” ትባላለች። ቃሉን አንዳንዶች “ግማሽ ቤተ ክርስቲያን” ብለው ሲፈቱት ሌሎች “የንጉሥ ቤተ ክርስቲያን” ይሉታል፤ መሬቱን የሰጠው የአገሩ ንጉሥ ነው ይላሉና። ቤተ ክርስቲያኗ በማላንካራ ኦርቶዶክስ ሥር ናት።

፫. ፓሩማላ፦ የቅዱስ ጎርጎርዮስ መካነ መቃብር

በፓምፓ ወንዝ ዳርቻ የምትገኘው ፓሩማላ በሕንድ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ከሁሉ የሚበልጥ የጉዞ ስፍራ ናት። በ1848 የተወለዱት ጊቫርጊስ ማር ጎርጎርዮስ ገና በ28 ዓመታቸው በ1876 ጵጵስና ተሹመው፣ ዕድሜያቸውን በጾም፣ በጸሎትና በማስተማር አሳልፈው፣ ኅዳር ወር በአውሮፓውያን በገባ በሁለተኛው ቀን 1902 በዚያው ዐረፉ። በ1947 ቤተ ክርስቲያን ቅድስናቸውን ዐወጀች። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ሲመለሱ የጻፉት የጉዞ ማስታወሻ በ1895 ታትሞ በማላያላም ቋንቋ ለኅትመት የበቃ የመጀመሪያው የጉዞ መጽሐፍ ሆኗል። ስለዚህ ቅዱሱ ለመንፈሳዊ ተጓዦች ሁሉ ቅርብ ናቸው ማለት ይቻላል።

ዓመታዊ በዓላቸው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 እና 23 አካባቢ ይውላል። በዚያን ጊዜ ከየአቅጣጫው በእግራቸው የሚመጡ ምእመናን መንገዱን ይሞሉታል። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ይጓዛሉ፤ ሌሊቱንም በምልጃ ጸሎት ያሳልፋሉ። የቁልቢን ወይም የግሸንን ጉዞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በዚያ እንግድነት አይሰማውም። ጸጥታን የሚሻ ሰው ግን በሌላ ወቅት ቢሄድ መቃብሩን ተሳልሞ በእርጋታ ለመጸለይ ይችላል። በቲሩቫላ ወይም በቼንጋኑር ባቡር ጣቢያ መውረድ ለፓሩማላም ለኒራናምም ያመቻል።

፬. ኮታያም፦ የመንበሩ ከተማና የኢትዮጵያ ወዳጅ ማረፊያ

ኮታያም የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ መንበር የሚገኝበት ከተማ ነው፤ መንበረ ጵጵስናውም ዴቫሎካም ይባላል። በ1579 የታነጸችው “ቼሪያፓሊ” (ትንሿ ቤተ ክርስቲያን) የኬረላን የእንጨት ሥራና የግድግዳ ሥዕል አጣምራ ይዛለች። በአቅራቢያዋ ያለችው “ቫሊያፓሊ” (ትልቋ ቤተ ክርስቲያን) ደግሞ በፓህላቪ ፊደል የተቀረጸባቸው ጥንታውያን የድንጋይ መስቀሎች አሏት።

በ1815 የተመሠረተው አሮጌው ሴሚናሪ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው። በዚያ ያረፉት ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ በወጣትነታቸው ፖል ቨርጊስ ተብለው ሲጠሩ በኢትዮጵያ መምህር ነበሩ፤ አማርኛም ተምረዋል፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ከ1967 ጀምሮ የሴሚናሪው ርእሰ መምህር ሆነው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1996 ድረስ አስተማሩ። በጥር 1957 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በአዲስ አበባ የአኃት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ታላቅ ጉባኤ ሲደረግም የሕንዱ ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውጌን ቀዳማዊ ከተገኙት አባቶች አንዱ ነበሩ።

፭. ማታንቼሪ፦ የጎበጠው መስቀል

ኮቺ በጎብኚ የተጨናነቀ ከተማ ነው፤ በማታንቼሪ ሰፈር ያለችውን “የኩናን መስቀል” ቤተ ክርስቲያን ግን ጎብኚው ብዙ ጊዜ ሳያያት ያልፋል። በፖርቱጋላውያን የባሕር ኃይል የተደገፉ የላቲን ሚስዮናውያን በ1599 በዲያምፐር ጉባኤ የሕንድን ክርስቲያኖች ለሮም አስገዝተው፣ የሱርስት መጻሕፍታቸው እንዲቃጠሉ ወይም እንዲታረሙ አዘው ነበር። ምእመናኑ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ከታገሡ በኋላ በጥር ወር 1653 በዚህ ስፍራ ተሰብስበው ለኢየሱሳውያን እንደማይገዙ ማሉ። ሕዝቡ ብዙ ስለ ነበር ሁሉም መስቀሉን መንካት አልቻለም፤ ስለዚህ በመስቀሉ ላይ ገመድ አስረው ገመዱን እየያዙ ማሉ። መስቀሉም በገመዱ ክብደት ጎበጠ ይባላል፤ “ኩናን” የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ማስታወሱ አይቀርም። ከዚያ መሐላ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በዚያው በፖርቱጋል በኩል በመጡ ኢየሱሳውያን ምክንያት የብዙ ምእመናን ደም በሀገራችን ፈሶ፣ በ1632 ሃይማኖት ተመልሳ ነበርና። በሁለት የተራራቁ አገሮች ያሉ ምእመናን አንዱ የሌላውን ሳይሰማ የአባቶቹን ሃይማኖት ስለ መጠበቅ ተመሳሳይ ተጋድሎ ፈጸመ።

፮. ቼናይ፦ የሰማዕትነቱ ኮረብታ

ለሕክምና ቼናይ ለሚቆዩ ምእመናን ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። “የቅዱስ ቶማስ ተራራ” ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ዝቅተኛ ኮረብታ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣውን ደረጃ በ1726 ያሠራው ፔትሮስ ኡስካን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነው። በላዩ ባለችው ቤተ ክርስቲያን በ1547 የተገኘ፣ ዙሪያውን የፓህላቪ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ መስቀል ይገኛል። በከተማው ባሕር ዳር ያለው የሳን ቶሜ ካቴድራል ደግሞ በመቃብሩ ላይ የታነጸ ነው፤ የዛሬው ሕንጻ በ1896 ተጠናቀቀ። ዐፅሙ በጥንት ዘመን ወደ ኤዴሳ እንደ ፈለሰ የሱርስት ትውፊት ይናገራል፤ በሰኔ 26 ቀን የሚከበረው በዓልም ይህን ያስባል።

ኮረብታውም ካቴድራሉም በካቶሊካውያን አስተዳደር ሥር ናቸው። ምእመናን ቦታውን መሳለምና የግል ጸሎት ማድረስ ይችላሉ፤ ሥጋ ወደሙን ግን በዚያ አይቀበሉም። በዚያው ከተማ በአርመን ጎዳና የሚገኘው፣ በ1772 የታነጸው የአርመን ቤተ ክርስቲያን የእኅት ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። በ1794 የዓለም የመጀመሪያውን የአርመንኛ ጋዜጣ በዚህ ከተማ ያሳተመው ካህን በዚያ ተቀብሯል። ቦታው ዐፀድ ያለውና ጸጥ ያለ ነው።

፯. ተጓዥ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ቅዳሴና ቁርባን፦ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የምትቀድሰው በምዕራብ ሱርስት ሥርዓት፣ በማላያላም ቋንቋ ነው። በዴልሂ፣ በሙምባይ፣ በባንጋሎርና በቼናይም አጥቢያዎች አሏት። መቁረብ የሚፈልግ ምእመን አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር፤ በቦታው ለሚያገለግሉት ካህንም ማንነቱን ይንገር።

በኬረላ ስላለው ክፍፍል፦ ሕዝቡ ለካቶሊኮሱ በሚገዙትና በአንጾኪያ ፓትርያርክ ሥር ባሉት (ያዕቆባውያን በሚባሉት) መካከል ተከፍሏል። በ2017 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላም በየአጥቢያው ክርክሩ አልበረደም። ሁለቱም ወገኖች ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናቸው። እንግዳ ሰው በክርክሩ ገብቶ ከመፍረድ ተቆጥቦ ስለ ሰላማቸው መጸለይ ይገባዋል።

ሥርዓት፦ ጫማ ማውለቅ፣ ሴቶች ራሳቸውን መከናነብ፣ ወንዶችና ሴቶች በየተራቸው መቆም በዚያም አለ። ከበሩ ውጭ የድንጋይ መስቀልና የሰንደቅ ምሰሶ፣ በውስጥም የነሐስ መቅረዝ ይታያል። ከበዓል በኋላ የሚታደለው “ነርቻ” ከእኛ ጸበል ጸዲቅ ጋር ይመሳሰላል።

በዓላትና አጽዋማት፦ ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን፣ የእመቤታችንን የነሐሴ ጾም አሥራ አምስት ቀን ይጾማሉ። ነገር ግን የሚከተሉት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ስለ ሆነ ልደትን በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 25 ያከብራሉ፤ ትንሣኤም በብዙ ዓመታት ከእኛ ይለያል። ተጓዡ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ጾም ይጠብቅ። በኬረላ የሩዝ፣ የምስርና የአትክልት ምግብ በየቦታው ስለሚገኝ ለጿሚ አይቸግርም፤ ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወቅት፦ ኬረላ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከባድ ዝናብ አለባት፤ ለጉዞ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የቼናይ ዝናብ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበረታል።

በሕመም ምክንያት ወደዚያች አገር የሚሄዱ ሁሉ በባዕድ አገር ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይወቁ። ሐዋርያው ቀድሞ ደርሶባታል፤ በቃሉ ያመኑትም ዛሬ ድረስ አሉ። አጥቢያቸውን ፈልገው ቢያገኙ የሚጸልይላቸው ካህን፣ ወንድሞቼ የሚሏቸውም ሕዝብ አያጡም።

የሐዋርያው የቅዱስ ቶማስ በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።