ውሳኔ አጋዥ ሥርዓት

በእንግሊዝኛ «ዲሲዥን ሰፖርት ሲስተም» የሚባለው፣ የተሰጠውን መረጃ አመዛዝኖ ለባለሙያው ግምት ወይም ምክር የሚያቀርብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በአማርኛ «ውሳኔ አጋዥ ሥርዓት» ቢባል ያስኬዳል፤ ፕሮግራሙ ያግዛል፣ ሰው ይወስናል። ጀማሪ ባለሙያ በዚህ እየታገዘ ሲሠራ ዕውቀቱ ከእሱ ጋር ይቀራል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቲሞቲ ደ ዶምባልና ባልደረቦቹ የድንገተኛ ሆድ ሕመምን መንስኤ በይሆናልነት ስሌት የሚገምት ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ ቅጽ ይሞላል፦ ሕመሙ የት ጀመረ? አሁን የት ነው? ምን ያብሰዋል? አስመልሶታል? ሆዱ ሲነካ ይጠጥራል? የቸኮለ ሰው የሚዘላቸው ጥያቄዎች ሁሉ ተራ በተራ ሰፍረዋል።

ቡድኑ በ1974 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በሙከራው ወቅት የሐኪሞቹ የራሳቸው ምርመራ በጣም ተሻሻለ። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት የሚፈነዳ ትርፍ አንጀት ከ36 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ሙከራው በነሐሴ 1972 ሲዘጋ ግን ቁጥሮቹ ወደ ቀድሞው ማዘንበል ጀመሩ።

ከመሻሻሉ ይልቅ ይህ መመለስ ነው ልብ ሊባል የሚገባው። አጥኚዎቹ ራሳቸው እንደገመቱት፣ ሐኪሞቹን የጠቀማቸው የኮምፒውተሩ መልስ ብቻ ሳይሆን፣ በሽተኛውን በሥርዓት መጠየቃቸውና የሥራቸውን ውጤት ሳያቋርጡ መስማታቸው ጭምር ነው። ቅጹና ግብረ መልሱ ሲነሡ ልማዱም አብሮ ላላ። በኋላ ይኸው ሥርዓት በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከርም፣ 16,737 በሽተኞችን ባካተተ ጥናት፣ የመጀመሪያው ምርመራ ትክክለኛነት ከ45.6 ወደ 65.3 በመቶ ከፍ ብሏል።

ልማድ አንድ ነገር ነው፤ ምክንያትን ማወቅ ደግሞ ሌላ። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማይሲን የተባለው ፕሮግራም ባለሙያዎች በጻፉለት ሕጎች እየተመራ ለደም ኢንፌክሽንና ለማጅራት ገትር መድኃኒት ይመክር ነበር። ተመራማሪው ዊሊያም ክላንሲ በማይሲን ሕጎች ተማሪዎችን ለማስተማር ሲነሣ ግን እንቅፋት ገጠመው። አንዱ ሕግ «ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቴትራሳይክሊን አይታዘዝ» ይላል። ለምን? ሕጉ አይናገርም። መድኃኒቱ በማደግ ላይ ባለ ጥርስና አጥንት ውስጥ እየገባ ጥርስን እንደሚያበልዝ የሚያውቀው ሕጉን የጻፈው ሰው ነው። ሕጉን ብቻ የሸመደደ ተማሪ፣ የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ወድቆ ሌላ መድኃኒት ሲጠፋ ሕጉ ሊጣስ እንደሚችል በምን ያውቃል? ክላንሲና ባልደረቦቹም የሐኪሙን የአስተሳሰብ ቅደም ተከተል ለይቶ የሚያሳይ፣ ኒዮማይሲን የተሰኘ ሌላ ፕሮግራም ወደ መሥራት ገቡ።