የጀልባ መስመር ቀለም ማዛመድ

የጀልባ መስመር ቀለም ማዛመድ በባለሸራ ጀልባ ጎን ላይ የተሰመረ ባለቀለም መስመር ሲደበዝዝ ወይም ሲላጥ፣ አዲሱ ቀለም ከነባሩ ጋር እንዲመሳሰል አድርጎ የመበጥበጥና የመቀባት ሥራ ነው። በጋራዥ የአንድ መኪና በር ብቻ ሲቀባ የሚያጋጥመው ችግር እዚህም አለ። ልዩነቱ ግን መስመሩ ቀጭንና ረጅም መሆኑ ነው፤ ትንሽ የቀለም ለውጥ እንኳ ከሩቅ ይታያል።

አብዛኞቹ ጀልባዎች ሁለት ዓይነት መስመር አላቸው። አንደኛው ከውኃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ የሚዞር ሲሆን፣ ሌላኛው ወደ ላይኛው ጠርዝ ተጠግቶ የሚሄድ ቀጭን ጌጥ ነው። የታችኛው ከፀሐይ በተጨማሪ ዘይትና አልጌ ያቆሽሸዋል።

የመደብዘዝ ምክንያት

የፋይበርግላስ ጀልባ ውጫዊ ሽፋን ጄልኮት ይባላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የጄልኮቱን ወይም የቀለሙን ሬዚን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ላዩም ሻካራ ሆኖ ሲዳሰስ እጅ ላይ እንደ ኖራ ዱቄት ይቀራል። ሻካራ ገጽ ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን ቀለሙ የነጣ ይመስላል። ሁለተኛው ምክንያት የማቅለሚያው ዱቄት ራሱ መበላሸቱ ነው። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራው ቀይ ቡናማ ብርሃንን በጣም ይቋቋማል፤ ብዙዎቹ ደማቅ ቀይና ቢጫ ኦርጋኒክ ማቅለሚያዎች ግን ቶሎ ይለቃሉ። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ለረጅም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ የታሰረች ጀልባ ወደ ደቡብ የዞረው ጎኗ ከሌላው በላይ ሊደበዝዝ ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ መስመሩን አጥቦ በውኃ ማርጠብ ነው። ውኃው የሻከረውን ገጽ ስለሚሞላ ብርሃን መበተኑ ይቀንሳል። እርጥቡ መስመር ወደ ደማቅ ቀለሙ ከተመለሰ ማቅለሚያው አልጠፋም ማለት ነው፤ ምናልባት ፖሊሽ ብቻ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ቀለም ሊገዛ ይሄዳል።

ከየትኛው ቀለም ጋር?

ቀለም መቀባት ግድ ከሆነ መጀመሪያ የሚወሰነው አዲሱ ከየትኛው ጋር ይዛመድ የሚለው ነው፦ ፋብሪካው ከቀባው ወይስ ዛሬ ከሚታየው? የተላጠው አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ ከሆነ ከፋብሪካው የተገኘ ትክክለኛ ቀለም እንኳ እንደ እራፊ ይጎላል፤ ስለዚህ የሚዛመደው ከደበዘዘው ጋር ነው። መስመሩ በሙሉ የሚቀባ ከሆነ የመጀመሪያው ቀለም በብሎን ከታሰረ ዕቃ ሥር፣ ፀሐይ ካልደረሰበት ቦታ ይገኛል። ጉዳቱ በብዙ ቦታ ከተበታተነ ሁለቱንም ጎን ዳር እስከ ዳር መቀባት ከማዛመድ ድካም ይሻላል።

መለካት

ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 እ.ኤ.አ. ማንኛውንም ቀለም በሦስት ቁጥሮች የሚገልጽ ሥርዓት አወጣ፤ በ1976 ደግሞ ሲአይኢላብ የተባለው ተከተለ። በዚህ ሥርዓት በሁለት ቀለሞች መካከል ያለው ርቀት ዴልታ ኢ ይባላል፤ ወደ 1 የሚጠጋ ልዩነት ዓይን ሊለየው ከሚችለው ትንሹ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሆኖም ሦስት ቁጥር ሁሉንም አይናገርም። ከተለያየ ማቅለሚያ የተሠሩ ሁለት ሰማያዊዎች በሱቅ መብራት አንድ መስለው በፀሐይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህ ሜታሜሪዝም ይባላል። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው መሣሪያ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የሚንጸባረቀውን ብርሃን ስለሚለካ ልዩነቱን ያገኘዋል።

የስልክ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካሜራው የብርሃኑን ዓይነት ገምቶ ቀለሙን ራሱ ያስተካክላል፤ ያው መስመር ጠዋትና ቀትር ላይ ቢነሳ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል።

በጥበጣና ሙከራ

በእጅ ሲበጠበጥ ደማቁና ጠቆር ያለው ቀለም ወደ ፈዛዛው በጠብታ ይጨመራል፤ በተቃራኒው ከተሄደ ብዙ ቀለም ይባክናል። ባለሁለት ክፍል ፖሊዩሬታን ከሆነ ማዛመዱ ማጠንከሪያው ሳይገባ መጠናቀቅ አለበት፤ ከገባ በኋላ ድብልቁ መጠንከር ይጀምራል። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ስላለው ሳንባን ይጎዳል፤ በተለይ በመርጫ ሲረጭ ተራ የአፍ ጭምብል አይበቃም።

እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ይለወጣልና ፍርዱ በደረቀ ናሙና ላይ ነው። ካርቶን ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ጠርዙ መስመሩን እንዲነካ ተደርጎ በቀን ብርሃን፣ ከፊትም ከጎንም ይታያል። መሃላቸው ነጭ ክፍተት ከቀረ ዓይን ይሳሳታል፤ ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አብራርቷል። አንጸባራቂነቱም እኩል መሆን አለበት፤ ያው ቀለም አንጸባራቂ ሲሆን ጠቆር፣ ደብዛዛ ሲሆን ነጣ ብሎ ይታያል።

ከአንድ ቆርቆሮ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁሉም በአንድ ዕቃ ይደባለቃሉ፤ አለዚያ የቀለሙ ልዩነት በመስመሩ መሃል ይወጣል። ከደበዘዘው ጋር የተዛመደ እራፊ ግን ለሁልጊዜ አይመሳሰልም፤ አዲሱና አሮጌው በተለያየ ፍጥነት ስለሚደበዝዙ ከጊዜ በኋላ ወሰናቸው እንደገና ሊታይ ይችላል። የበጥበጣውን መጠን ጽፎ ከናሙናው ካርቶን ጋር ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ጥገና ይጠቅማል።